ከዳር የቆመችው

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ፣ ከባለርስቱና ከጭሰኛው ጋር ዕጣው የተለወጠ አንድ ዕውቀት ነበር። ትውልድ የመቁጠር ዕውቀት ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ርስት የሚገኘው ከዋና አባት ዘር በመሆን ነበር። ዋና አባት የሚባለው መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው ነው። ከሱ በታች ምንዝር አባቶች ይደረደራሉ፤ ከእነሱም በታች እስከ ጠያቂው ድረስ አንድም ሳይዘለል መውረድ ያስፈልጋል። በአባትም በእናትም ይቆጠራል፤ ሴትም ትወርሳለች፣ ታወርሳለች። ይህን አጥርቶ የሚያውቅ ሽማግሌ በችሎትም በዕርቅም ቦታ ይፈለጋል፤ ቃሉ መሬት ያስገኛል፣ መሬት ያስነቅላል።

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዳሞት ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቷል። ከጥናቱ ለእኔ ጎልቶ የሚታየኝ፣ ከአንድ ዋና አባት እወለዳለሁ ብሎ መሬት መጠየቅ የሚችለው ሰው ብዛት መሬቱ ከሚበቃው በላይ መሆኑ ነው። የዘር መብት ያለው ሁሉ መሬት አይዝም ነበር። የሚይዘው ቆጠራውን የሚያውቅ፣ ምስክር የሚያቆም፣ የዘሩ ወኪል ከሆነው ፈጅ ጋር የሚግባባ፣ ለመሟገት ጊዜና ስንቅ ያለው ሰው ነው። እንግዲህ ሲወርድ የመጣው የትውልድ ሐረግ የተወለዱት ሁሉ ዝርዝር አይደለም። ይዞ መሟገት የሚያዋጣው ሐረግ ነው። መሬት የማያስገኝ አያት ቀስ በቀስ ከአፍ ይወጣል፤ አንድ ብርቱ ሰው ርስት ሊያነሳ ሲያስብ ደግሞ የተረሳው አያት ተመልሶ ይጠራል።

ይህን የምለው የአባቶቻችንን ቆጠራ ላሳንስ አይደለም። ያ ዕውቀት ሰውን ከሰው አስተሳስሮ አኑሯል። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ አይታሰብም ነበር፤ ማን ለማን ሐዘን እንደሚቀመጥ፣ ማን የማንን ደም እንደሚከፍል የሚታወቀው በዚያው ነበር። ነገር ግን ዛሬ የዘመዶቹን ታሪክ ልፈልግ ብሎ የሚነሳ ሰው፣ ከአዛውንት አፍ የሚሰማው ለእሱ ጥያቄ የተሰናዳ መልስ አለመሆኑን ቢያውቅ ይበጀዋል። እኛ «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብለን እንጠይቃለን። እነሱ ሲያስተላልፉት የኖሩት «የማን ልጅ ነው?» ለሚለው የሚሆነውን ነው። የመሬቱ አዋጅ ከወጣ በኋላ የተወለድን ልጆች አዛውንቱን የምንጠይቀው የሚያስገኝልን ነገር ኖሮ አይደለም፤ ዝም ብለን ልናውቃቸው ስለምንወድ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለብዙ ሽማግሌ አዲስ ነው። ሲጠየቁ ትንሽ ዝም የሚሉት ሁልጊዜ ስለረሱ አይመስለኝም።

ፎቶግራፍ በሌላ በር ነው የገባው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 እ.ኤ.አ. መጥቶ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሥራውን ወረሱ። ለረጅም ጊዜ ካሜራ ፊት መቆም የንጉሥና የመኳንንት ነገር ነበር። በኋላ ፎቶ ቤት በየከተማው ሲከፈት ሌላውም ሰው ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ማመልከቻ፣ ርቆ ላለ ወንድም ለመላክ፣ ለእጮኛ ለማሳየት መነሳት ጀመረ። ከነዚህ አንዱም ትውልድ ለመቁጠር ተብሎ የተደረገ አይደለም። ፎቶ ቤቱ ለደንበኛው ኮትና ከረባት ያውሳል፤ ከኋላው በቀለም የተሳለ መጋረጃ ይዘረጋል። ስለዚህ አያታችን በምስሉ ላይ የለበሱት ኮት የራሳቸው ላይሆን ይችላል። ያን ኮት ለብሰው መታየት መፈለጋቸው ግን የራሳቸው ነው። ለእኔ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የሰው ምኞት ከሰው ታሪክ ውስጥ አይወጣም። አዛውንቱ ስለዚያ ሰው የሚነግሩን ያረሰውንና የወለደውን ነው። ሌላ ሰው መስሎ መታየት እንዳማረው የሚነግረን ፎቶው ብቻ ነው።

ቆጠራው ዝምድናውን ይዟል፣ ፊት የለውም። ፎቶው ፊት ይዟል፣ ዝምድናውን አያውቅም። ይህ እስከምን ድረስ እንደሚሄድ በአንድ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስ በሕይወት ሳሉ የተነሱት ፎቶግራፍ አይታወቅም። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ፎቶ አንሺዎች አስከትሎ ነበር፤ ንጉሡ ግን በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። እሳቸውን የምናውቀው በቃል ነው፤ በዜና መዋዕል፣ በፉከራ፣ በወዳጅና በጠላት ወሬ። ዘራቸው ራሱ ሙግት ነበረበት። እሳቸው ከነገሥታት ወገን ነኝ ሲሉ ባላንጣዎቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ ይሏቸው ነበር። ልጃቸው አለማየሁ በሰባት ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለችው ዝነኛ ፎቶ አንሺ በዋይት ደሴት አነሳችው። ዓይኑ፣ ከንፈሩ፣ አንገቱ ላይ ያለው ጌጥ ጥርት ብሎ ይታያል። በ1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሞቶ ዊንድሰር ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. ዘመዶቹ አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልፈቀደም።

የዚህን ልጅ ምስል ባየሁ ቁጥር ልቤን የሚያስጨንቀኝ ብቸኝነቱ ብቻ አይደለም። ካጠገቡ ቆሞ «ግንባሩ የአያቱ ነው» የሚል አንድ ዘመድ እንኳ አልነበረውም። ካሜራው የፊቱን መልክ ሁሉ ይዞ ያን አንድ ዓረፍተ ነገር መያዝ አልቻለም። የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ የሚባለው፣ እንደሚገባኝ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ከሚናገረው ሰው ጋር ሳይቀበር መድረስ ነው።

እኛ ቤት በ1940ዎቹ አጋማሽ ጎጃም ውስጥ የተነሳ ፎቶ አለ። የአያቴ ወንድም ሲዳሩ የተነሳ ነው። ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ካባ፣ ሌሎቹ በርኖስ ደርበዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ከኋላ ቆመዋል፤ ልጆቹ መሬት ላይ ናቸው። በቀኝ በኩል፣ ከሁሉም ራቅ ብላ፣ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። የምስሉ ጠርዝ ትከሻዋን ቆርጦታል። ሌሎቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ካሜራውን ሲያዩ እሷ የምታየው ሕፃኑን ነው።

ፎቶውን ይዤ የሄድኩት የአያቴ ታናሽ እኅት ዘንድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ ጭነዋል፤ እማሆይ እንላቸዋለን። ምስሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ዞሩና መጀመሪያ ያዩት የማንንም ፊት አልነበረም። «ይህ የታችኛው ቤት ነው» አሉ። «ዋርካው ገና አልተቆረጠም።» ከዚያ የአጥሩን በር፣ ከብቱ የሚገባበትን፣ ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ አሳዩኝ። ማን የትኛው ጥግ ላይ ወጥ ሠርታ እንደነበር ነገሩኝ። ፊቶቹ ከዚያ በኋላ እያንዳንዳቸው ወደ የቦታቸው መጡ። አዛውንት ፎቶ ውስጥ የሚገቡት በግቢው በኩል መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አንድ ፊት ላይ ጣት አኑሮ «ይህ ማነው?» ማለት ሰውየውን ከቤቱና ከቀኑ ነጥቆ መጠየቅ ነው። ቤቱ ከተጠየቀ ሰው ይመጣል።

ዘመኑንም የቆጠሩት በዓመተ ምሕረት አልነበረም። እገሊት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ እገሌ ገና ከቄስ ትምህርት ቤት አልወጣም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው፣ ትልቁ የአንበጣ ዓመት ግን ገና ነው። እንዲህ ያለውን ንግግር ወደ ቁጥር መመለስ የአድማጩ ሥራ ነው። የኅዳር በሽታ ሲባል 1911፣ የንጉሡ ዘውድ ሲባል 1923፣ ጣሊያን ገባ ሲባል 1928 ብሎ መያዝ ይቻላል። የተቀረው በእርግዝናና በጡት መጣል ይሰላል። ልብስም ይናገራል። በሠርጉ ፎቶ ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳለች፤ ሐዘን ላይ ነበረች ማለት ነው። እማሆይ ይህን ሳሳያቸው ከጥቂት ወራት በፊት የሞተባትን አስታወሱና የሠርጉን ዓመት አንድ ወደ ኋላ መለሱት።

ወደ ቀኝ ዳር ስንደርስ ጠየቅኋቸው።

«ይቺስ፣ እማሆይ?»

«እሷ የቤት ሰው ናት።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የቤት ሰው ናት አልኩሽ፣ ልጄ። ጋሼሽን ያጠባችው እሷ ናት። እኅቴ ወልዳ ታማ፣ ጡቷ ደርቆ ነበር።»

ጋሼ የምንለው ያ የታቀፈችው ሕፃን ነው። ወደሚቀጥለው ፊት ሊሻገሩ ሲሉ ሴትዮዋ ከየት እንደመጣች ጠየቅኋቸው። ከዓባይ ወዲያ ማዶ በልጅነቷ የመጣች እንደሆነች፣ አባታቸው ከነጋዴ እንደገዟት ነገሩኝ። ድምፃቸው አልተለወጠም። ከእሷ ግራ የቆመችውን ሴት ዘር ግን እስከ ሰባት ቤት ወረዱልኝ።

ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል፤ ፈጽሞ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ፎቶው የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያቺ ሴት በሕግ ነፃ ነበረች። ነገር ግን ርስት የላትም፤ የርስት መንገድ ዘር ነው፣ የእሷ ዘር ደግሞ ከዓባይ ማዶ ቀርቷል። ነፃ የወጡት ብዙዎች በዚያው በነበሩበት ቤት የቀሩት መሄጃ ስላጡ ነው። በአያቶቻችን ደግነት ስንኮራ ይህን አብረን እንድናስታውስ እፈልጋለሁ። «እንደ ልጃችን ነው የያዝናት» የሚል ቃል በብዙ ቤት ሰምቻለሁ፤ የተባለችው ልጅ ግን በቆጠራው ውስጥ የለችም።

ዘር አይደለችምና አትቆጠርም ይባል ይሆናል። ግን ቆጠራችን መቼ በደም ብቻ ሆኖ ያውቃል? ክርስትና ያነሳ ሰው ከሕፃኑ ወላጆች ጋር አበ ልጅ ይሆናል፤ የአበ ልጅ ቤት ደግሞ አይጋባም። ከዚያም የጡት ልጅነት አለ። ሰው ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር መዛመድ ሲፈልግ ጡት ወይም በማር የተቀባ ጣት ጠብቶ ልጁ ይሆናል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጡት አባቱ ይጠብቀዋል፣ እሱም ያገለግለዋል። ባህላችን ወተት ዝምድና እንደሚሆን አውቆ ሥርዓት አብጅቶለታል። በሥርዓቱ የሚጠባው ምልክት ነው። በእኛ ቤት የጠባው ግን ራሱ ወተቱ ነበር፤ አንድ ሕፃን የዳነው በሱ ነው። ታዲያ ምልክቱ ዘመድ ሲያደርግ እውነተኛው ወተት ለምን አላደረገም? እኔ የማገኘው መልስ አንድ ነው። የጡት አባት የሚፈለገው ከላይ ነው፤ መሬት፣ ጥበቃ፣ ሹመት ያለው ሰው ዘንድ። ከታች የመጣ ወተት ለማንም ምንም አያስገኝም፤ እንዲያውም ዕዳ ያመጣል። ቆጠራው ዕዳውን ትቶ የሚያስገኘውን ያዘ።

እዚህ ላይ ፎቶው አዛውንቱ ያላደረጉትን አድርጓል። ሴትዮዋ እዚያ ስለቆመች ይዟታል፤ የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቀም። ነገር ግን ካሜራን ፍትሕ አዋቂ ላደርገው አልሻም። እሷን የያዘው በአጋጣሚ ነው፤ ትከሻዋንም ትቶ ነው። ያልያዛቸው ደግሞ ከያዛቸው ይበዛሉ። የአያቴ እናት በዚያ ሠርግ ላይ ነበሩ። ፎቶ አንሺው ሲመጣ ወደ ጓዳ ገብተው እስኪሄድ አልወጡም፤ በዕድሜያቸው ሁሉ አንድ ፎቶ አልተነሱም። ያንን ትውልድ በፎቶ ብቻ የሚፈልግ ሰው ገጠር ውስጥ የኖሩትን ሴቶች በሙሉ ማለት ይቻላል ያጣቸዋል።

እሳቸውን የማውቃቸው በሙሾ ነው። በቀብራቸው ቀን አልቃሿ ያወረደችውን እማሆይ ዛሬም ሳያቋርጡ ይሉታል። ፈትላቸው እንዴት እንደነበረ፣ በጣሊያን ጊዜ ማታ ማታ ለአርበኛ ስንቅ ያወጡት በየትኛው በር እንደነበረ፣ ከማን ጋር ተጣልተው ከማን ጋር ሳይታረቁ እንደሞቱ ሁሉ በዚያ ግጥም ውስጥ አለ። የትውልድ ቆጠራ እንዲህ ያለውን አይዝም፤ ፎቶም አይዝም። ጥሩ አልቃሽ ሟቹን በሕይወት ያላገኘው ሰው እንኳ እንዲያውቀው አድርጋ ታስቀምጠዋለች። ዛሬ ለቅሶ ቤት ስሄድ የሟቹ ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ፣ ደረት ላይ ተይዞ አያለሁ። የሚያለቅሰው ሰው ምስሉን እያየ ስሙን ይጠራል፣ ከዚያ ብዙ አይቀጥልም። ሙሾ አዋቂዎቹ እያለቁ ነው። በፊቱ ምትክ ቃሉን መስጠታችን ያሳዝነኛል፤ ሁለቱንም መያዝ እንችል ነበር። የስልክ ድምፅ መቅጃ በሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ እያለ የእናቶቻችንን ሙሾ ሳንቀዳ መቅረታችን በድህነት የሚመካኝ አይደለም።

በአልበማችን አንድ ገጽ ላይ አራት የሙጫ ምልክት ብቻ አለ። ፎቶው የለም። በ1969 የቤት ለቤት አሰሳ ሲመጣ በአዲስ አበባ ብዙ ቤተሰብ መጽሐፍና ወረቀት አቃጥሏል፣ ቀብሯል፤ ፎቶም አብሮ ሄዷል። አንድ ወጣት ከማን ጋር ቆሞ እንደተነሳ ማሳየት ብቻውን ሊያስገድል ይችል ነበር። በመስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ የዚያን ዘመን ሙታን ፎቶ ለብሷል። ለመታወቂያ ወይም ለትምህርት ቤት የተነሳ ጉርድ ፎቶ ለሰማዕት መታሰቢያ ሲሆን ማየት ከባድ ነው፤ ልጁ ያን ቀን ፎቶ ቤት የገባው ለሌላ ጉዳይ ነበር። በእኛ አልበም ከነበረው ፎቶ ጀርባ ምን እንዳለ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዷ ሲጠየቁ ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ሁለተኛ አልጠየቅኋቸውም።

ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲጠየቁ የሚነሱት እናት የሚሸፍኑት የራሳቸውን ቁስል ነው፤ የሚገለጥበትን ቀን መወሰን የሳቸው ነው፣ ሳይገለጥ ቢቀበርም ማንም አይበደልም። ያቺን የቤት ሰው የሸፈነው ዝምታ ግን የሌላ ሰው ነገር ላይ የተቀመጠ ነው። ክብሩ የእኛ፣ መረሳቱ የእሷ ሆኗል። የቤተሰብ ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ሁለቱን መለየት ካልቻለ ወይ ጨካኝ ይሆናል ወይ ተባባሪ። በመጀመሪያው ፊት ተንበርክኮ መመለስ፣ በሁለተኛው ፊት ግን ደጋግሞ መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ፎቶውን ለዘመዶች በቴሌግራም ላክሁት፤ ዋሽንግተን ላሉትም፣ ዱባይ ላለችውም። በሁለተኛው ረድፍ ስለቆመው ወጣት ሁለት ስም መጣ። ሁለቱንም ጽፌያለሁ፤ ማን እንዳለውም አብሬ ጽፌያለሁ፤ አንዱን መርጦ ሌላውን መተው የእኔ ሥልጣን አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ከደርግ በፊት አገር ለቆ የሄደው ዘመዳችን ያንን ግቢ እዚያው ከኖሩት ይልቅ አጥርቶ ያስታውሰዋል። የኖሩት ቤቱ ሲፈርስ፣ ሲሠራ፣ ሲከፋፈል አይተዋል፤ አንዱ ትዝታ በሌላው ላይ ተደርቧል። እሱ ይዞት የሄደው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተለወጠበት ነገር የለም። ስደተኛ ዘመድ አገሩን ረስቷል ብለን ስንንቅ የምናጣው ይህን ነው። (አሮጌ ፎቶ ላለው አንድ የእጅ ሥራ ምክር ልጣል፦ በጀርባው በለስላሳ እርሳስ ይጻፍ፤ እስክሪብቶ ተጭኖ ወደ ፊት ይወጣል። ጥቁርና ነጩ ብዙ ይቆያል፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የታተመው ባለ ቀለሙ ግን ወደ ቀይ እየደበዘዘ ነውና ሳይውል ሳያድር ስካን ይደረግ።)

የአክስቴ ልጆች የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር እየሠሩ ነው። የሚያስገቡት መሥመር ሁለት ዓይነት ነው፤ የጋብቻና የልደት። ለወተት መሥመር የለውም። ያቺ ሴት ትግባ ስል አንዱ «ዘር አይደለችም» አለኝ። ሌላዋ «ካስገባናት የእሷ ልጆችና የእኛ ልጆች አይጋቡም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ይህ ጥያቄ አስደሰተኝ፤ ዝምድናን ከምር የሚወስድ ሰው የሚጠይቀው ነው። ሰባት ቤት የቆጠሩት አባቶቻችን ቢሆኑም ከዚሁ ይጀምሩ ነበር።

ጋሼ፣ ያ በምስሉ ላይ የታቀፈው ሕፃን፣ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ነው። ክርክሩን ቁጭ ብሎ ሲሰማ ቆየና በየዓመቱ ለቄሱ ለሙታን ጸሎት ከሚሰጠው ዝርዝር ውስጥ የሷ የክርስትና ስም እንዳለ ነገረን፤ ከእናቱ ስም ቀጥሎ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል፤ ከመካከላችን ያወቀ አልነበረም። ለፍትሐትና ለመታሰቢያ የሚጠራው የክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የአባት ስም አይጠየቅም፣ ርስት አይጠየቅም። ከዓባይ ማዶ የመጣችውም፣ ሰባት ቤት የተቆጠረላትም በዚያ ወረቀት ላይ እኩል አንዳንድ ቃል ናቸው። ቆጠራው የተዋትን፣ ፎቶው ትከሻዋን የቆረጠባትን ሴት ሙሉ አድርጎ የያዘ ሦስተኛ መዝገብ እቤታችን ውስጥ ነበር፤ የያዘውም ያጠባችው ልጅ ነው። ከዚያ በኋላ መሥመሩን ማስገባት ክርክር አልሆነም፤ ዓይነቱ ላይ ብቻ ተነጋገርን።

ይህ ሲሆን አንድ ነገር ገና አልተጠየቀም ነበር። ወተት የነበራት ሴት የራሷ ልጅ ነበራት። በቤቱ ማንም አንስቶት አያውቅም። እማሆይን ተመልሼ ጠየቅኋቸው።

«ነበራት እንጂ፤ ወንድ» አሉ። «ከጋሼሽ ጋር አብሮ ነው ያደገው። ከብት አብረው ጠብቀዋል። ኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ቡሬ ሄደ፣ እዚያው አገባ ብለው ነበር።»

«የተረፈውን ነበር የሚጠባው?»

«ጋሼሽ ጠብቶ ሲጠግብ» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ ልጄ።»

ጋሼ ልጁን ያስታውሰዋል፤ ከሱ እንደሚፈጥን፣ ዋና ያስተማረው እሱ እንደሆነ። የሄደበትን ቀን ያስታውሳል፣ ስንቅ የቋጠረችለትን ያስታውሳል። ደብዳቤ ስለመላኩ አያስታውስም፤ እናትም ልጅም መጻፍ አይችሉም ነበር።

ፎቶውን አስባዝቼ በጀርባው የሁሉንም ስም በእርሳስ ጽፌ፣ በቡሬ ለሚኖር የሩቅ ዘመዳችን ሰጥቻለሁ፤ የዚያን ሰው ልጆች ወይም የልጅ ልጆች የሚያውቅ ካለ እንዲያሳይልን። እንዲጠይቅልኝ የላክሁት ስለ እኛ ቤት አይደለም። አባታቸው ስለ እናቱ ምን ይል እንደነበር፣ ከዓባይ ማዶ የማን ልጅ ነኝ ትል እንደነበር፣ እሷን መሃል ያደረገ ፎቶ እነሱ ዘንድ እንዳለ ነው።